ወቅትን ረጋ ብሎ መቀበል፦ በሐረርና በድሬዳዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሐረርና በድሬዳዋ ዓመቱ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። ከምድር ወገብ በእጅጉ በሚርቁ አገሮች የወቅት ለውጥ ማንም ሳይነግረው የሚታወቅ ነገር ነው፤ ቀኑ በብዙ ሰዓታት ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ዛፉም ቅጠሉን ያራግፋል። በእኛ ዘንድ ግን በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ማለዳ ወደ ሥራ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ወቅቱ መለወጡን የሚያውቀው ያሰጣውን ልብስ ዝናብ ሲመታው ወይም የሌሊቱ ብርድ ጋቢ ሲያስፈልገው ነው። ወራቱ በደመወዝ ቀን፣ በቤት ኪራይና በትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ «ይህ ዓመት የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ በየጳጉሜኑ ይመጣል።

ይህ መመሪያ የሚያሳየው አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሥራውን አቁሞ የወቅቱን መግባት የሚቀበልበትን መንገድ ነው። የተወለድሁት ድሬዳዋ ሲሆን አሁን የምኖረው ሐረር ነው፤ እዚህ የጻፍኋቸውን ልማዶች ከራሴ ቤተሰብ ጋር ሞክሬአቸዋለሁ። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ፣ ጀበና፣ እንዲሁም በዓመት አራት ጊዜ ያህል ሙሉ አንድ ሰዓት አብሮ ለመቀመጥ የተስማማ ቤተሰብ። ከእነዚህ ለማግኘት የሚከብደው የመጨረሻው ስለሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት።

አንደኛ፦ የሚኖሩበትን ቦታ ወቅት ይወቁ

በትምህርት ቤት የተማርናቸው ወቅቶች አራት ናቸው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። አከፋፈሉ ጥንታዊና የተከበረ ነው፤ ሆኖም ሐረርጌ ውስጥ የሚኖር ሰው በዚህ ብቻ ቢመራ ሰማዩና ደብተሩ አይገናኙለትም። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው፣ ማለትም በልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመጣና አንዳንድ ዓመት እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። በሁለቱ መካከል ዝናብ የሚያጥርበት ጊዜ አለ፤ የድሬዳዋ ሙቀት ከዓመቱ ሁሉ የሚበረታውም በዚሁ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው።

ሁለቱ ከተሞችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን አቀበት ሽቅብ የወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ውስጥ አራት ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ አየር ይገጥመዋል። ስለዚህ በሐረር ጋቢ የሚወጣበት ሳምንት በድሬዳዋ ገና በስስ ልብስ የሚታደርበት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ በሁለቱ ከተሞች የተከፈለ ሰው፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ ይህን ልዩነት ሊጠቀምበት ይገባል። እናቴ ድሬዳዋ ስላለች የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ቀን «እናንተ ጋ ዘነበ?» ብለን መደዋወላችን ራሱ አንዱ ልማዳችን ሆኗል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስት ሳጥኖች ያሥምሩ። በየሳጥኑ ውስጥ ስለዚያ ወር ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያስታውሱትን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ሽታም፣ ምግብም፣ ነፋስም ሊሆን ይችላል። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ ባዶውን ይተዉት፤ ዓመቱን ሙሉ ሊመለከቱት የሚገባው ወር እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ዓመት በቀን ሳይሆን በለውጥ ይጻፉ

የዕለት ማስታወሻ መያዝ ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ሥራ ነው። እዚህ የሚጻፈው አንድ ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ፦ «መጋቢት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ የመጀመሪያው ዝናብ። ሩብ ሰዓት ዘነበ፤ አቧራውን ብቻ አጠፋ።» ይህ ይበቃል። የነፋሱ አቅጣጫ ሲለወጥ፣ በድሬዳዋ ቀፊራ ወይም በሐረር ሸዋ በር ጉሊት ማንጎው ወይም ጊሽጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ከባቢሌ አዲስ የተነቀለ ለውዝ ሲመጣ፣ የበቆሎ እሸት መንገድ ዳር መጠበስ ሲጀምር ቀኑን ይመዝግቡ። ሻጮቹን መጠየቅ አይርሱ፤ እናቶቹ የትኛው ፍሬ ከየት ቀበሌ እንደመጣና ዘንድሮ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደደረሰ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ከዛፎች አንዱን ብቻ መርጠው እንዲከታተሉ እመክራለሁ። በሌላው የአገሪቱ ክፍል «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ በከተማችን ስም የሚጠራው፣ በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባ የሚለብሰው ዛፍ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የመጀመሪያው አበባ ሲፈነዳ፣ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ሲቀላ፣ መሬቱ በወደቀው አበባ ሲሸፈን ሦስት ቀኖች ይመዘገባሉ። ሁልጊዜ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያለ፣ የራስዎ የሚሉት አንድ ዛፍ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ምልክቶችን ይምረጡ፤ ከአራት አያብልጡ

በጀመርሁበት ዓመት አሥራ አንድ ልማዶችን ዘርዝሬ ነበር። እስከ ኅዳር በደንብ ከሄደ በኋላ ጥር ላይ ሁሉም ቆመ፤ ምክንያቱም ለማረፍ ያሰብሁት ነገር ሌላ የሥራ ዝርዝር ሆኖብኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አራት ብቻ አስቀረሁ፤ እነሱ እስከ ዛሬ አሉ።

ልማዱ የሚታሰርበት የወቅት ምልክት ለመመረጥ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። በራሱ ጊዜ የሚመጣ መሆን አለበት፤ እኛ ካልጠራነው የማይመጣ ነገር በሥራ ብዛት ይረሳል። ልጅ ሊያየው፣ ሊያሸተው ወይም ሊነካው የሚችል ሊሆን ይገባል። በመጨረሻም ከታላላቅ በዓላት ዋዜማ ጋር መጋጨት የለበትም፤ የእንቁጣጣሽ ወይም የዒድ ዋዜማ የቤቱ እናት እጅግ የምትደክምበት ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አዲስ ልማድ መጨመር ዕረፍትን ሳይሆን ጭነትን ያመጣል። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ልማዱ አንድን ሰው ብቻ ማዕድ ቤት የሚያቆም ከሆነ መልኩ መለወጥ አለበት።

አራተኛ፦ ዱላ ይትከሉና የቀትርን ጥላ ይለኩ

ከልማዶቹ ሁሉ በጣም የምወደው ይህ ነው፤ ወጪ የለውም፣ በየትኛውም ሃይማኖት ያለ ቤተሰብ ሊያደርገው ይችላል፣ ውጤቱም የእኛን ቦታ ብቻ የሚመለከት ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ9 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብለው ስለሚገኙ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናታችን ላይ ታልፋለች። የመጀመሪያው ሚያዝያ 6 ወይም 7፣ ሁለተኛው ነሐሴ 22 ወይም 23 አካባቢ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቀን አይበልጥም። በእነዚያ ቀኖች በቀትር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ የለውም። በግንብ በታጠረው የሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ የቀኙም የግራውም ግንብ ጥላ ይጠፋል፤ መንገደኛ የሚጠጋበት ጥግ አያገኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጣሪያ ላይ፣ ከግቢ ወይም ከበረንዳ ላይ በቀትር ፀሐይ የሚያገኝ ጠፍጣፋ ቦታ ይምረጡ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ዱላ በአሸዋ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ። ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ በክር ጫፍ ድንጋይ አስረው ከዱላው አጠገብ ያንጠልጥሉት፤ ዱላውና ክሩ ጎን ለጎን ከሄዱ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን እንደ ወሩ ከ5 ሰዓት ከ55 እስከ 6 ሰዓት ከ27 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ በሚያዝያ፣ በሰኔና በታኅሣሥ ግን 6 ሰዓት ከ12 ገደማ ነው። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በፊት ጀምረው የጥላውን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፤ ከምልክቶቹ ሁሉ ለዱላው የቀረበው የቀትሩ ነው።

ጥላውን በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ይለኩ። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ከሁሉ ይረዝማል፤ ወደ ሰሜን 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጋቢት 11 አካባቢ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። በሚያዝያ መጀመሪያው ሳምንት ከዱላው ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ልጆችን በጣም ያስገርማቸዋል፦ ጥላው አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል፤ ሰኔ 14 አካባቢ በደቡብ በኩል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርስና ተመልሶ ነሐሴ ላይ ዳግመኛ ይጠፋል። የነሐሴው ቀን ብዙ ጊዜ ደመና ስለሚሸፍነው ካልታየ አይዘኑ፤ «ደመና» ብለው ይጻፉ።

ሥራውን ለቤተሰቡ ያከፋፍሉ፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ጠመኔ፣ አንዱ ሜትር። ሽማግሌ ያለበት ቤት ደግሞ ይጠይቃቸው። በሐረር መስጊዶች አካባቢ ያደጉ አባቶች ይህን ዕውቀት ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ የዙህር ሰላት ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከመሃል ሰማይ ዘንበል ስትል፣ የዓስርም ወቅት በጥላ ርዝመት የሚለካ በመሆኑ ዱላና ጥላ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይጠጣ፤ ከዚህ በላይ ምንም አይጨመርበት።

አምስተኛ፦ ለየወቅቱ አንድ ነገር ያድርጉ

የሚከተሉት በተለያየ ዓመት በራሴ ቤት የተሞከሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሁሉንም መውሰድ አያስፈልግም፤ ከጥላው ልኬት ጋር ሁለት ወይም ሦስት ቢመርጡ ይበቃል።

ጳጉሜን የመመለሻ ጊዜ ትሁን። ይህች ትንሽ ወር አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ በሉቃስ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ስድስት ቀን አላት፤ በ2015 ዓ.ም. ስድስት ነበረች፣ በ2019 ዓ.ም. እንደገና ስድስት ትሆናለች። እኛ በእነዚህ ቀናት በዓመቱ ውስጥ የተዋስነውን ሁሉ ለባለቤቱ እንመልሳለን። ወንፊት፣ ድስት፣ መሰላል፣ መጽሐፍ በየጓዳው ተፈልጎ ይሰበሰባል፤ ባዶውን አይመለስምና ድስቱ ውስጥ ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ ይደረግበታል። ዕቃውን የሚያደርሰው ልጅ ነው፤ በየቤቱ ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ መባሉ ስለማይቀር አንድ ወንፊት ለመመለስ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል፤ እንዲሄድም ይተዉት። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከሰባት ዓመት በፊት ያዋሱትን ሙቀጫ ስንመልስላቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ የእናንተ መስሎኝ ሳልጠይቅ ቀረሁ» ብለውናል። በክርስቲያን ቤት ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከጣለ ልጆች ወጥተው የሚታጠቡበት የቆየ ልማድ አለ፤ እሱን ከመመለሻው ጋር ማያያዝ ይቻላል።

ኅዳር 12 የማጽጃ ቀን ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ከተጠራው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱን እንዲይዙት እመክራለሁ፤ ነገር ግን ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠል ጭሱ ሳንባን ስለሚጎዳ ይህን ክፍል ይተዉትና በማጨሻ ላይ ዕጣን ብቻ ያጭሱ። በምትኩ ግቢውን ዞረው ውሃ ያቆረውን ዕቃ ሁሉ ይድፉ። ይህ ለድሬዳዋ የተለየ ትርጉም አለው፦ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉኒያ በከተማዋ ተከስተዋል፤ ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። በርሜሉን በጨርቅ ወይም በክዳን የመሸፈኑን ሥራ ለትልቁ ልጅ ይስጡት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ኃላፊነት ይሁን።

በታኅሣሥና በጥር ብርድ ወራት የቡና ልማድ ይመጣል፤ ሰፋ አድርጌ የማስረዳውም ይህን ነው። የሐረር ቡና ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ አዲሱ ምርት የሚሰበሰበውና የሚደርቀውም በእነዚህ ወራት ነው። ሁልጊዜ የተፈለፈለ ወይም የተፈጨ ቡና የሚገዛ ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን ከነገለባው የደረቀውን፣ ጀንፈል የሚባለውን፣ ሁለት ወይም ሦስት እፍኝ ይግዛ። ጠዋት ልጆች ጀንፈሉን በሙቀጫ ቀስ ብለው ይውቀጡት፤ ኃይል ከበዛበት ፍሬው ስለሚሰበር ዘነዘናው እንዲያሽ እንጂ እንዲሰብር አይደረግም። ከዚያ በሰፌድ ይነፈሳል፤ ገለባው ለብቻ፣ ፍሬው ለብቻ ይቀመጣል። ገለባው አይጣልም፤ በውሃ ለረጅም ጊዜ ተፈልቶ ወተትና ትንሽ ጨው ሲጨመርበት በሐረር ሆጃ የሚባለው መጠጥ ይሆናል። የደረቀ የቡና ቅጠል ያገኘ ሰው ደግሞ ቅጠሉን በምጣድ አመስ አመስ አድርጎ በማፍላት ቁጢ ሊያዘጋጅ ይችላል። ፍሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ከጀንፈሉ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አትቸኩሉ ብሎ መምከር አያስፈልግም፤ ሥራው ራሱ አያስቸኩልም። በዚያን ቀን ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ቆሎ ወይም የባቢሌ ለውዝ ይበቃል። ቡናው ሲጠጣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጋቢ ከሳጥን ይወጣና ለቤቱ ታላቅ ሰው ይደረብላቸዋል።

የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ቀን ሊቀጠርለት ስለማይችል ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ዝናቡ ሲጀምር ቤት ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ በር ወይም መስኮት ይከፍታል፤ እስኪያባራም ይቀመጣል። በልግ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ የሚጠየቀው ትዕግሥት ብዙ አይደለም። የደረቀ መሬት ሽታ በዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አይመጣም።

የግንቦትና የሰኔ ሙቀት በድሬዳዋ ከቤት የሚያስወጣ ነው። ድሮ አልጋ ወደ ግቢ ወጥቶ፣ መሬቱ ውሃ ተርከፍክፎበት ከቤት ውጭ ይታደር ነበር፤ ዛሬ ግቢ ያለው ሰው አንድ ሌሊት ብቻ እንኳ ቢያደርገው ልጆቹ አይረሱትም። አጎበር መዘርጋት ግዴታ ነው። መብራቱን ያጥፉና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይመልከቱ፤ ጅራቷን የቆለፈች ጊንጥ የመሰለው፣ አቅራብ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መሃሉ ላይ ቀላ ያለ ኮከብ ይዞ ይታያል። በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው እራቱን በረንዳ ላይ ወይም ከሕንፃው ሥር ከጎረቤት ጋር ቢበላ ያው ነው።

ክረምትን በሚመለከት አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በድሬዳዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች እንደ ሜዳ ይጫወቱበታል፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው ከላይ ካለው ተራራ ስለሆነ ድሬዳዋ ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። እኛ ክረምቱ በገባበት የመጀመሪያ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን በድልድዩ ላይ ቆመን ወንዙን እናሳያቸዋለን፤ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ያዩ ሰዎች የነገሩንን እንነግራቸዋለን፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም ወደ አሸዋው እንደማይወርድ ቃል እናስገባቸዋለን። ከዚያ ስንመለስ የተጠበሰ በቆሎ እንገዛለን።

ስድስተኛ፦ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች አብረው ይያዙ

በሐረር የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይኖራል። የእኛ ዓመት ከዝናቡና ከአዝመራው ጋር ይሄዳል፤ የሒጅራው ዓመት ግን ጨረቃን ተከትሎ 354 ወይም 355 ቀን ስላለው በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ እየተመለሰ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በ2009 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በግንቦት፣ ሙቀቱ በበረታበት ጊዜ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በየካቲት ገብቷል። ስለዚህ ሙስሊም ቤተሰብ ወቅትን በዒድ ቀን ማሰር አይችልም፤ ይህ ግን ጉዳት ሳይሆን የተለየ ሀብት ነው።

በደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ ለዚህ ይለዩ። በየዓመቱ ረመዳን፣ ዓሹራና ሐረሪዎች ከዒድ አል ፈጥር በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጨርሰው የሚያከብሩት ሹዋሊድ የዋሉበትን ቀንና በዚያ ቀን የነበረውን አየር ይጻፉ፤ ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለምሳሌ በዓሹራ ማታ ለጅቦች በቅቤ የተለወሰ ገንፎ ሲቀርብ ዝናብ ነበረ ወይስ ጨረቃ? ከዓመታት በኋላ ገጹን የሚያነብ ልጅ ያው በዓል በብርድም፣ በዝናብም፣ በሙቀትም ሲከበር ያየዋል። ክርስቲያን ጎረቤትም ይህን ገጽ ቢይዝ መልካም ነው፤ በጀጎል ውስጥም ሆነ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የጎረቤት ጾምና ፍቺ የማይነካው ቤት የለም።

ሰባተኛ፦ በሰዓቱ ውስጥ ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ

ስልኮች ሁሉ በአንድ ሰፌድ ላይ ተሰብስበው ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ሰዓት ለመለካት የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ይቅር። ፎቶ ማንሳትን አልመክርም፤ ምክንያቱም ፎቶ የሚነሳ ሰው ወዲያው ልብስና ቤት ማስተካከል ይጀምራል። ለማስታወሻ የሚበቃው የደብተሩ አንድ መስመር ነው። ምግቡ፣ ቦታውና ሰዓቱ ከዓመት ዓመት ያው ይሁን፤ አዲስ ነገር የመጨመር ፈተና ሲመጣ ይለፉት፤ ልጆች የሚወዱት የሚያውቁት ነገር ተመልሶ ሲመጣ ነው። አንድ ልማድ ካመለጠ ለሚቀጥለው ሳምንት አይዙሩት፤ ወቅቱ ካለፈ አልፏልና በደብተሩ ላይ «አለፈን» ብለው ጽፈው የሚቀጥለውን ይጠብቁ። በሐዘን ዓመት ደግሞ ሁሉንም ትተው ጥላውን ብቻ ይለኩ።

በመጨረሻም በየጳጉሜኑ ደብተሩን ከፍተው የዓመቱን መስመሮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ባዶ የቀረው ሳጥን አሁን የሚጻፍበት ነገር ካገኘ ይሙሉት። ከዚያ በአዲሱ ገጽ ራስ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው፣ በታኅሣሥ 12 ዱላውን የሚያቆመው፣ ጀንፈሉን የሚገዛው፣ በርሜሉን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ስማቸውን ያስፍሩ፤ ዱላውንም ከጓዳ አውጥተው ከበሩ ኋላ ያቁሙት።